ኮሌታ ያልጠጣው ውሃ

ሰውየው ቤተሰቡ ያወጣለት ስም ነበረው። ላውንድሪ ቤቱ ውስጥ በሠራባቸው ሃያ ሦስት ዓመታት ግን በዚያ ስም የጠራው የለም። ኮሌታ ነው የሚሉት። ደንበኛው ኮሌታ ይለዋል፣ የላውንድሪ ቤቱ ባለቤት እትዬም ኮሌታ ይሉታል፣ ሚስቱም ብትሆን ስትቆጣው ካልሆነ በቀር ኮሌታ። ስሙን ያገኘው በእጁ ነው። የሸሚዝ ኮሌታ ሲተኩስ ካውያውን ከሁለቱ ጫፎች ወደ መሐል ነበር የሚነዳው፤ ከመሐል ወደ ጫፍ የሚነዳ ሰው ጭምድዱን ሁሉ ጫፉ ላይ ሰብስቦ እንደሚያስቀረው ያውቃላ! ሲጨርስ ሸሚዙን በሁለት ጣቶቹ አንጠልጥሎ ያነሣዋል። ያን ጊዜ ሸሚዙ ባዶ አይመስልም። አንድ የማይታይ፣ ቀጥ ያለ፣ ክፉ ነገር ደርሶበት የማያውቅ ሰው ውስጡ የቆመ ይመስላል።

ሚስቱ እዚያው አጣቢ ናት። የማጠቢያው ክፍል ከኋላ ነው፣ የመተኮሻው ከፊት። በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ እርጥብ ልብስ ማቀበያ የምትሆን ትንሽ መስኮት ነበረች፤ እጅ እንጂ ፊት አታሳይም። መጀመሪያ የተዋወቁትም በእጅ ነው። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ሸሚዝ ስታቀብለው ጣቶቿን አየ። በውሃ ብዛት ተጨማድደዋል።

«አንቺ ልጅ፣ እነዚህ ጣቶች እንዲህ ሆነው አይሄዱም። አምጪያቸው ልተኩሳቸው» አላት ከግድግዳው ማዶ።

«የተኮስከውን ሁሉ መልሰህ ለባለቤቱ ነው የምትሰጠው አሉ» አለችው።

«ባለቤት ካለው ነዋ!»

«የለውም።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቀራል።»

ቀረም። ልጅ አልወለዱም፤ ግን ቤታቸው ዝምታ የሚያጠቃው ቤት አልነበረም። ቀኑን ሙሉ በግድግዳ ተለያይተው ስለሚውሉ፣ ማታ ማታ የሚያወሩት የሁለት ቀን ያህል ነበር።

የመተኮሻ ክፍል የራሱ ሕግ አለው። ኮሌታን ሙያ ያስተማረው አሮጌ ተኳሽ በመጀመሪያው ቀን ካውያ አላስጨበጠውም፤ ቃል ነበር ያስያዘው። «የጠጣ ያልበዋል፤ ያላበው ያቆሽሻል።» ክፍሉ እሳት ነው። ከግንባር የወረደች አንዲት የላብ ጠብታ ነጭ ሸሚዝ ላይ ወድቃ ካውያ ካለፈባት ዳሯ ቢጫ የሆነ ክብ ምልክት ትታ ትቀራለች። ያ ሸሚዝ ወደ ማጠቢያው ይመለሳል፤ አጣቢዋ የደከመችበት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ተኳሽ ሥራ ላይ ውሃ አይጠጣም። ኮሌታ ከጠዋት እስከ ማታ በእንፋሎት ተከቦ እየዋለ ከንፈሩ ደርቆ ይሰነጠቅ ነበር። ማታ ቤቱ ሲገባ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣል፤ ብርጭቆዋንም እስከ ግማሽ ብቻ። ሚስቱ በዚህ ትኮራ ነበር። አዎ፣ ትኮራ ነበር። «የኔ ባል በሃያ ዓመት አንድ ሸሚዝ አልመለሰብኝም» ትል ነበር ለሰው ሁሉ።

ግራ ጎኑን መውጋት የጀመረው ካለፉት ስድስት ዓመታት ወዲህ ነው። መጀመሪያ እየመጣ የሚሄድ ነገር ነበር። ይይዘዋል፣ ያጎብጠዋል፣ ላብ በላብ ያደርገዋል፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይለቀዋል።

«ብርድ ነው» አለች ሚስቱ። «ከእሳት ክፍል ወጥተህ ቀጥታ መንገድ ላይ ስትወጣ መታህ።»

ብርድ ከሆነ መድኃኒቱ ሙቀት ነው። ሙቀት ደግሞ እነሱ ቤት ሞልቷል። ወፍራም ፎጣ አራት ላይ ታጥፈዋለች፣ እሱ በገዛ ካውያው ያግለዋል፣ እሷ ጎኑ ላይ ለጥፋ በአንሶላ ቅዳጅ ታስረዋለች። ሕመሙ ቀስ እያለ ይተኛል። ኮሌታም ዓይኑን ጨፍኖ «እፎይ! ዕድሜዬን ሙሉ ስተኩስ ኖሬ ይኸው እኔም ተተኮስኩ» ይላል። ትስቃለች። ያ ፎጣ በሳምንት አንዴ የነበረው በቀን አንዴ ሆነ፤ በቀን አንዴ የነበረው በቀን ሦስቴ። ክፉ ነገር እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ እንደ ውሃ።

ባለፈው ዓመት ሱሪው ከወገቡ መውረድ ጀመረ። ትኩሳት ይመጣበታል፤ ምሳ ፊቱ ላይ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ ፊቱን እየታጠበ፣ ቀልድ ለማስመሰል እየሞከረ እንዲህ አላት፦

«አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽ ለስላሳ መጠጥ ሆኗል። ሽንቴ አየር እያወጣ እንደ ጠርሙስ ይፈላል።»

«ምን አልክ?»

«ይፈላል አልኩሽ። ሽታውም… ተይው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ፊቱን በፎጣ መጥረጉን ቀጠለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሱ የደበቃት ከሁለት ወር በላይ ነበር። ያን ቀን ሥራ አልገቡም።

ሆስፒታሉ መግቢያ ላይ መዝጋቢው ቀና ሳይል «ሥራ?» ብሎ ጠየቀ።

«ተኳሽ» አለ ኮሌታ።

መዝጋቢው ቀና አለ። «ወታደር ነዎት?»

«የሸሚዝ ነኝ ጌታዬ። እስካሁን የሞተብኝ የለም።»

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሚስቱ ያንን ሳቅ ለረጅም ጊዜ አልረሳችውም፤ ሰው ሲያስቅ ያየችው የመጨረሻው ጊዜ ነበርና።

ቀዶ ሐኪሙ ዓይኑ ሥር የደከመ፣ ድምፁ ግን የማይቸኩል ሰው ነው። ሸሚዙን ገልጦ ግራ ጎኑን ሲያይ እጁ ቆመ። ቆዳው ላይ ቡናማ መረብ ተዘርግቷል። እንደ ዓሣ አጥማጅ መረብ፣ ክር በክር፣ ቀዳዳ በቀዳዳ።

«ይህን ምን አቃጠለው?»

«አልተቃጠለም ዶክተር» አለች ሚስቱ፤ «ብርድ ስለሆነ በፎጣ… በሞቀ ፎጣ እየያዝኩለት ነው። እኔ ነኝ የምይዝለት።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ሙቀቱ ሕመሙን አስተኝቶታል እናቴ። በሽታውን ግን አላስተኛውም» አላት።

ሲቲ ስካን ተነሣ። ሐኪሙ ወረቀት ገልብጦ እየሣለ አስረዳት። ግራ ኩላሊቱ ውስጥ ጠጠር አለ። ጠጠር ሲባል ግን የምታስበው ዓይነት አይደለም፤ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ አውጥቶ ኩላሊቱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ መግል ብቻ ቋጥሯል። መግሉ መውጫ ሲያጣ አጠገቡ የተኛውን ትልቁን አንጀት እየበላ በር ከፈተበት። አሁን ከኩላሊቱ መግል ወደ አንጀት ይሄዳል፣ ከአንጀት ደግሞ አየርና ቆሻሻ ወደ ሽንት ይመጣል።

«እንዲህ ያለው በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው» አላት። «እኔ በሥራ ዘመኔ ሁለተኛዬን ማየቴ ነው።»

«ይድናል?»

«መጀመሪያ ቱቦ አስገብተን መግሉን እናወጣለን፤ የምንሰጠው መርፌም ትኩሳቱን ይስበርልን። ከዚያ ኩላሊቱንና የተበሳችውን የአንጀት ክፍል ቆርጬ አወጣለሁ። ግን ቦታው በመግል የተበከለ ስለሆነ አንጀቱን ወዲያው ብቀጥለው አይያዝም፤ ይፈታል። ስለዚህ ጫፉን በሆዱ ላይ አወጣውና ለጊዜው በከረጢት ይጠቀማል። ሦስት ወር። ሰውነቱ ካገገመ፣ የቀረችው አንዷ ኩላሊትም ደህና ከሆነች፣ መልሼ ከፍቼ እቀጥለዋለሁ። እንደ ድሮው ይሆናል።»

ኮሌታ ጠየቀ። «ሲቀጠል ሥራዬ እመለሳለሁ?»

«ይመለሳሉ አባቴ። አንድ ነገር ብቻ፦ ውሃ። በቀን ሁለት ሊትር ተኩል። ያቺ አንዷ ኩላሊት ያለ ውሃ አትኖርም።»

ቀዶ ጥገናው አምስት ሰዓት ወሰደ። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የሌላ ሰው አንሶላ እያጠበች እንዳለች ሁሉ እጇን በእጇ ስታሽ ዋለች። ሐኪሙ ሲወጣ «በሕይወት አለ» አላት መጀመሪያ፤ ከዚያ ትንሽ ብልቃጥ አሳያት። ጠጠሩ ነበር። አስቀያሚ ይሆናል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ አልነበረም። ቢጫና ግራጫ፣ ቅርንጫፉ ለስላሳ፣ ከባሕር ሥር የወጣ ጌጥ ይመስላል። ስድስት ዓመት ሙሉ በመዳፏ ሥር፣ በፎጣው ሥር፣ ይኼ ነበር እንደ ዛፍ ሲያድግ የኖረው። እሷም እያሞቀችው። ብልቃጡን መልሳ ሰጠችው።

ቤት ሲገቡ ኮሌታ ፍራሹን ወደ ፊተኛው ክፍል አወጣ።

«ለምን?» አለችው።

«እስኪዘጋ ነው።»

ከረጢቱን የሚቀይረው መጸዳጃ ቤት ገብቶ፣ በር ቆልፎ፣ ቧንቧ ከፍቶ ነው፤ ድምፁ እንዳይሰማ። ሲወጣ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ታጥቦ ነው። በሩን አንኳኩታ «ልርዳህ» ስትለው «ሂጂ» ይላታል።

«አንተ ሰው፣ የከተማውን እድፍ ሁሉ ሳጥብ የኖርኩ ሴት ያንተን ልጸየፍ?»

«የከተማው ሰው አያፍርሽም፤ አያውቅሽማ» አላት ከበሩ ኋላ።

ሥራ ቤት ስትሄድ ግን ሌላ ሴት ትሆናለች። እትዬ በኮሌታ ቦታ ሌላ ተኳሽ አልቀጠሩም። «ሦስት ወር ምን አላት? የመተኮሻ ጠረጴዛው ይጠብቀዋል» ብለው ራሳቸው ካውያ ጨበጡ። እጃቸው ግን አልታደለም። የአንዱን ደንበኛ ሱሪ በአንዱ እግር ላይ ሁለት የካውያ መስመር አውጥተው ሰጡት።

«እትዬ፣ ይሄ ሱሪ እኮ መንገድ ሆነ፤ መሄጃና መመለሻ አለው!» አለ ደንበኛው።

«ኮሌታ እስኪመጣ በአንዱ ሂድ፣ በአንዱ ተመለስ» አሉት። አጣቢዋ በመስኮቷ ማዶ ሆና ሳቀች፤ ስቃ ስታበቃ ቀኑን ቆጠረች። ሃምሳ ሁለት ቀን ቀረው። አርባ አንድ። ሠላሳ። ሌላ ምኞት አልነበራትም፤ ያ ሰው እዚያ ጠረጴዛ ፊት እንዲቆም ብቻ።

ጠዋት ጠዋት ከቤት ስትወጣ አምስት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውሃ ሞልታ ጠረጴዛ ላይ ትደረድርለታለች። ማታ ስትመለስ አምስቱም ባዶ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ በሰልፍ ቆመው ታገኛቸዋለች። ልቧ ጮቤ ይረግጣል።

«አምስቱንም?» ይሏታል እትዬ በማግስቱ።

«አምስቱንም እትዬ! ሃያ ሦስት ዓመት ያልጠጣውን እየከፈለ ነው።»

ሦስት ወሩ ሞላ። ለምርመራ ደም ተሰጠ፣ ምስል ተነሣ። ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ውሃ እየጠጡ ነው?»

እሷ ናት ቀድማ የመለሰችው። «ዶክተር፣ እኔ ልሙት! በቀን አምስት ጠርሙስ። ባዶውን በዓይኔ አያለሁ።»

ሐኪሙ እሷን ሳይሆን እሱን አየ። «አባቴ?»

ኮሌታ ጫማውን ያያል። ጫማው ንጹሕ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ንጹሕ ጫማ ነው ያደረገው።

«ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሦስቱን፣ አራቱን… አንዳንድ ቀን አምስቱንም። ባኞ ውስጥ አፈሰዋለሁ።»

«ለምን?»

«የጠጣሁት ሁሉ እዚህ ይመጣ መስሎኝ» አለ፣ ሆዱን ሳይነካ እያመለከተ። «ካልጠጣሁ ይደርቃል፤ ከደረቀ አይሸትም፣ አይጮኽም ብዬ። ሳይሸት ልቆይ ብዬ ነው፤ እስኪዘጋ።»

ሐኪሙ ወንበሩን ወደሱ ሳበ። «የጠጡት ውሃ ወደ ከረጢቱ አልነበረም የሚሄደው፤ ወደ ኩላሊትዎ ነበር» አለው፤ ድምፁ የራሱ ወንድም ላይ የደረሰ ነገር የሚናገር ይመስል ነበር። ያቺ አንዷ ኩላሊት ደርቃ ከርማለች። ከድሮ አቅሟ ከሦስት አንድ እጁ ነው የቀረው፤ እሷም ውስጥ ጥቃቅን ጠጠር ጀምሯል። በዚህ ላይ ሆዱን ዳግመኛ ቢከፍቱት ኩላሊቷ አትችለውም።

«አልከፍትም» አለ ሐኪሙ። «ከረጢቱ ይቆያል።»

«እስከ መቼ?» አለች ሚስቱ።

«ይቆያል እናቴ።»

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተመለሱ። ቤት ገብተው በሩ ሲዘጋ ግን ፈነዳች። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ከጠረጴዛው እየጠረገች ወለል ላይ ጣለቻቸው።

«ባዶውን ለምን ትደረድርልኛለህ? ለምን? አፍስሰኸው ለምን ታሰልፍልኛለህ?»

«ስትገቢ እየሳቅሽ ነበር የምትቆጥሪያቸው» አለ።

«እኔ እንድስቅ ብለህ ራስህን ገደልክ?»

«ቀኑን ሙሉ የሰው ቆሻሻ ስታሸቺ ትውያለሽ። ማታ ደግሞ የኔን ከምታሸቺ…» አልጨረሰውም። ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። እነዚያ ሐር ሳያቃጥሉ የኖሩ መዳፎች! ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ በትዳር ዘመናቸው ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። ቁጣዋ እግሯ ሥር ፈሰሰ።

«ሸሚዝህን ክፈት» አለችው።

«ተይኝ።»

«ክፈት አልኩህ። ከረጢቱ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀየረም።»

እምቢ የሚልበት አቅም አልነበረውም። ቁስል ነበር የምትጠብቀው። ቁስል አልነበረም። ቀይ፣ እርጥብ፣ እንደ ሕፃን ከንፈር ለስላሳ የሆነ የገዛ አንጀቱ ጫፍ ነበር። ስታየው በቀስታ ተንቀሳቀሰ። የሰው ሕይወት ከውስጥ ሆኖ እንዲህ ዓይነት ቀለም እንዳለው አታውቅም ነበር። ለብ ያለ ውሃ አመጣች፣ በስሱ ጠረገችው፣ አደረቀችው፣ አዲሱን ከረጢት ለጠፈችለት። እሱ ጣሪያውን ነበር የሚያየው።

«ይሸታል?» አላት።

«ይሸታል» አለችው። ልትዋሸው አልፈለገችም። «በዚህ ቤት ውሸት ይብቃን።»

በማግስቱ ሥራ ቤት ስትገባ እትዬ ካውያ ይዘው ነበር። «መቼ ነው ቀጠሮው?» አሏት። አጣቢዋ ሽርጧን ማሰር አቃታት።

«እትዬ፣ ጠረጴዛውን ለሰው ስጡት።»

«ሦስት ወር የጠበቅሁ ስድስት አልጠብቅም?»

«አይጠብቁት።»

እትዬ ካውያውን አቆሙና ሄደው አቀፏት። ሁለት ሴቶች በእንፋሎት መሐል ቆመው ተላቀሱ።

አዲስ ተኳሽ ተቀጠረ። ማታ ስትገባ ኮሌታ ጠየቃት። «ሰጡት?»

«ሰጡት።»

«እጁ እንዴት ነው?»

«ይቸኩላል» አለችው።

«ይተወዋል» አለ። «ሁላችንም እንቸኩላለን መጀመሪያ።» ከዚያ ከእጇ የውሃ ብርጭቆ ተቀብሎ፣ እያየችው፣ እስከ ታች ጠጣ። ፍራሹን ወደ ውስጥ መለሱት። ከረጢቱን ሁልጊዜ እሷ ትቀይር ጀመር።

የኮሌታ አንዷ ኩላሊት የቀራትን አቅም ለአሥራ አራት ወር እየቆነጠረች ሰጠችው። በነዚያ ወራት ኮሌታ እስከ መንገዱ ጫፍ ይሄድ ነበር፣ ጋዜጣ ያነብ ነበር፣ ከጎረቤት ጋር ይከራከር ነበር። ላውንድሪ ቤት ግን አይሄድም። እንሂድ ብትለው ዛሬ ደክሞኛል ይላል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጣቢዋ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ሆኖ በጎን በኩል ባለው በር ወደ መንገዱ ስትመለከት ባሏን አየችው። ከማዶው አጥር ሥር ቆሟል። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ በግራ እጁ ሆዱን ይዟል። የመተኮሻው ክፍል የመንገድ መስኮት ተከፍቶ እንፋሎቱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እሱ ያንን እንፋሎት ነበር የሚያየው። ስሙ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ኮሌታ ያልሆነው፣ ቤተሰቡ ያወጣለት ስም። ከጠራችው ግን መጥቼ ነበር ማለት ሊኖርበት ነው፤ ከዚያ ለምን እንደማይገባ መናገር ሊኖርበት ነው። ዋጠችው። ወደ ማጠቢያው ዞረችና አንሶላውን ማሸት ቀጠለች፤ ዞር ብላ ሳታይ፣ እሱ የፈለገውን ያህል እንዲቆም።

እንደገና ስትመለከት ሄዷል። ማታ ቤት ስትገባ «ዛሬ የት ዋልክ?» አላለችውም። እሱም የትም አልሄድኩም አላላትም።